«ጎረመሰብኝ» ከማለት በፊት፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከወላጆቻችን ጋር ማንበብ

ልጅ ጥርስ ሲያበቅል እናት «ጥርስ አበቀለልኝ» ትላለች። መራመድ ሲጀምር «እግር ተከለልኝ»፣ ፊደል ሲለይ «አነበበልኝ» ትላለች። ዐሥራ ሦስት ወይም ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ግን የግሡ ጫፍ ይለወጣል፤ «ጎረመሰብኝ» ይባላል። በአማርኛ «ብኝ» የምንለው ለጉዳት ነው። ወተት ሲገነፍል «ገነፈለብኝ»፣ ገንዘብ ሲጠፋ «ጠፋብኝ» እንላለን። ልጁ ድምፁ ስለ ጎረነነና የክፍሉን በር መዝጋት ስለ ጀመረ ከገነፈለው ወተትና ከጠፋው ገንዘብ ተርታ ገባ።

አባባሉን የፈጠረው ክፋት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ወላጅ የሚፈራው ልጁን ስለሚወድ ነው። ታዲያ በፍቅርና በፍርሃት መካከል ያለው ይህ ቀጭን ድንበር ሲጣስ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ አብራርቶ ያሳየን አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ አለ። ብዙዎቻችን የምናውቀው በሌላ ምክንያት ነው።

የተለመደው ንባብ

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሰማው፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሰፈር ልጆች ያህል ታወቁ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መጽሐፉ በሁለት መንገድ ይነበባል። አንደኛው የፍቅር ንባብ ነው፤ የድሀ ልጅና የባላባት ልጅ ተዋደዱ፣ ባህሉ ከለከላቸው፣ መቃብር አገናኛቸው። ሁለተኛው የፖለቲካ ንባብ ነው፤ ደራሲው በፊታውራሪ መሸሻ በኩል የባላባቱን ሥርዓት ገመና ገለጡ። ሁለቱም ንባቦች ትክክል ናቸው፤ መጽሐፉም ሁለቱንም ይሸከማል።

በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ግን ሦስተኛ ንባብ የሚያስፈልገን ይመስለኛል። ይህ መጽሐፍ ወላጆች በልጆቻቸው ሕይወት ላይ ስለ ወሰኑት ውሳኔ፣ ውሳኔው ቀኑ ሲደርስ በልጆቹ ላይ ስለሚያመጣው ነገር የተጻፈ መጽሐፍ ነው። እርግጥ ነው፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ሲገናኙ ሁለቱም የጉርምስናን ዕድሜ አልፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉርምስና የሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ዕድሜ ነው። ነገር ግን የሁለቱም እግር የታሰረው ያኔ ነው። ባለ ሃያ ዓመቶቹ የሚያለቅሱበት ነገር የተዘራው በልጅነትና በጉርምስና ዓመታቸው ነው፤ ያኔ ማንም አልጠየቃቸውም።

የፍርሃት ስለት

የበዛብህን ወላጆች እንመልከት። ውድነሽ በጣሙ ያገቧት ባሎች እየሞቱባት ሰው ሁሉ ዕድሏን የሚፈራላት ሴት ነበረች። ቦጋለ መብራቱ በቤቷ የሚሠራ ድሀ ሰው ነው። ሁለቱ ተጋብተው፣ ተስፋ በቆረጡበት ዕድሜ፣ አንድ ልጅ ያገኛሉ። ልጁ በሽታ ይደጋግመዋል። እነሱም፣ ብዙ የቀበረ ሰው እንደሚያደርገው፣ ይፈራሉ፤ ልጁ ከዳነ ለእግዚአብሔር ቤት አገልጋይ አድርገው ሊሰጡት፣ ከዓለም ርቆ እንዲኖር ይሳላሉ። ልጁ ዳነ። ስለቱም ጸና።

ሐዲስ በዚህ ክፍል ያሳዩት ርኅራኄ የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ነው ብዬ አምናለሁ። ቦጋለንና ውድነሽን አያሾፉባቸውም። ጨካኞች ወይም አላዋቂዎች አድርገው አይስሏቸውም። ስለቱን ከማንበባችን በፊት የተቀበሩትን ባሎች፣ ባዶውን ቤት፣ ዘግይቶ የመጣውን ልቅሶ የሚመስል ደስታ ያሳዩናል። ስለዚህ ስለቱ ሲመጣ አንባቢው «እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር» ይላል። ደራሲው የሚፈልጉት እዚያ እንድንደርስ ነው። ምክንያቱም ቀጥሎ የሚሆነው ሁሉ የሚያመን፣ የክፉ ሰዎች ሥራ ባለመሆኑ ነው።

በዛብህ አደገ፤ ቅኔ ተማረ፤ ጎበዝ ተማሪ ሆነ። ውስጡ ግን ሁለት ሰዎች ይኖራሉ። አንዱ ወላጆቹን የሚወድ፣ የእነሱን ቃል ማፍረስ እነሱን መግደል የሚመስለው ልጅ ነው። ሌላው ሰብለ ወንጌልን ያየ ወጣት ነው። እነዚህ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው የተነጋገሩበት ጊዜ የለም። ወላጆቹ ካለፉ በኋላ እንኳ ስለቱ አብሯቸው አልተቀበረም፤ ልጁ ላይ ቀረ። ከሞተ ሰው ጋር መከራከር ደግሞ ከሕያው ሰው ጋር ከመከራከር ይከብዳል።

መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ወጣት እዚህ ላይ ሐናን ማስታወሱ አይቀርም። ሐናም ተስላለች፤ ልጇንም ለእግዚአብሔር ቤት ሰጥታለች። ታዲያ በሐና ስለትና በውድነሽ ስለት መካከል ያለው ልዩነት የቱ ጋ ነው? ልዩነቱ በመጀመሪያው ሳሙኤል ምዕራፍ አንድ ላይ አይገኝም፤ ምዕራፍ ሦስት ላይ ነው። ሳሙኤል በእናቱ ስለት ወደ ቤተ መቅደስ ገባ፤ አንድ ሌሊት ግን እግዚአብሔር በስሙ ጠራው። ልጁ ድምፁን አላወቀውም፤ ደጋግሞ ወደ ኤሊ ሮጠ። ኤሊ በመጨረሻ ነገሩ ገባው። ያደረገውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዴት እንደሚመልስ ነግሮት ወደ መኝታው መልሶ ሰደደው። በልጁ ፈንታ አልመለሰም። ከልጁ ጋር ሄዶም አልተኛም። ልጁ ለብቻው እንዲሰማ መንገድ ከፈተለት።

በዛብህ ምዕራፍ አንድ አለው፤ ምዕራፍ ሦስት የለውም። የእናት የአባቱን ስለት ተቀብሏል፤ በራሱ ስም የተጠራበት ሌሊት ግን አልተሰጠውም። የሚያሳዝነውም ስለቱ መኖሩ ሳይሆን ስለቱ ወደ ልጁ የራሱ ጥሪ ወይም የራሱ ምርጫ የሚሻገርበት ድልድይ አለመሠራቱ ነው።

ይህን ስናነብ ጣታችንን ወደ ሌላ ቤተ እምነት ለመቀሰር አንቸኩል። እኛም ሕፃናትን በጉባኤ ፊት ለጌታ እናቀርባለን፤ መልካም ነው። ግን ከጸሎቱ በኋላ በየቤታችን ሌላ ስለት ይጨመራል፦ «ይቺ ዘማሪ ትሆናለች»፣ «ይሄ መጋቢ ይሆናል»፣ ከሁሉም በላይ «ሐኪም ይሆንልኛል»። ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው የራሱ ፍላጎትና የተነገረለት ትንቢት ይጋጫሉ። ያን ጊዜ «ጌታ የነገረኝን ልታስቀር ነው?» ይባላል። ልጁ ከእናቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከፈጣሪው ጋር የተጣላ ይመስለዋል። በዛብህን ያሰረው ገመድ ይኸው ነው።

የኩራት ቤት

ሌላው ቤት የፊታውራሪ መሸሻ ነው። እዚህ ልጅቷን ያሰራት የዘር ኩራት ነው። ፊታውራሪ ለሰብለ ወንጌል የሚመጣውን አማች ሁሉ «ለኔ ዘር አይመጥንም» እያሉ ሲመልሱ ዓመታት ይነጉዳሉ፤ የእኩዮቿ ልጆች ሲድኹ እሷ አባቷ ቤት ተቀምጣ ቀረች። እናቷ ወይዘሮ ጥሩ አይነት ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ነገር ግን የባላቸውን ጥላ አልፈው ለልጃቸው የሚደርሱበት አቅም አላገኙም።

በዚህ ቤት ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሐዲስ ለቦጋለና ለውድነሽ ያሳዩትን ርኅራኄ ለፊታውራሪ መሸሻ ነፍገዋቸዋል። ፊታውራሪ አብዛኛውን ጊዜ የምንስቅባቸው ሰው ናቸው። ፉከራቸው፣ ቀረርቷቸው፣ በገበሬዎቹ እጅ የደረሰባቸው ውርደት ሁሉ ተውኔት ይመስላል። ለፖለቲካው ንባብ ይህ ተስማምቷል፤ ሥርዓቱ እንዲሳቅበት ተፈልጓልና። ለወላጅና ልጅ ንባብ ግን ጉድለት ነው። ኩሩ አባት ከኩራቱ በታች የሚሰማውን አናይም። ልጁን ሌሊት ላይ ሲያስባት፣ እርጅናውን ሲፈራ፣ «ለማን ልስጣት» እያለ ሲገላበጥ ብናየው ኖሮ ዛሬ አባቱ የሚጮኽበት ወጣት መጽሐፉን ዘግቶ አባቱን በሌላ ዓይን ያይ ነበር። አሁን ግን ወጣቱ በፊታውራሪ ስቆ ያልፋል፤ በአባቱም እንደዚያው መሳቅ ይቀለዋል።

ሆኖም ሐዲስ ሁለቱን ቤቶች አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጣቸው ራሱ ትልቅ ሐሳብ ነው። አንዱ ቤት ድሀ ነው፤ ሌላው ባለጸጋ። አንዱ ከፍርሃት ተነሣ፤ ሌላው ከትዕቢት። አንዱ ልጁን ለእግዚአብሔር ሰጠ፤ ሌላው ለዘሩ ስም አስቀመጠ። ልጆቹ ግን አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ተገናኙ፦ ስለ ሕይወታቸው የተወሰነውን ሁሉ የሚያውቁ፣ ስለ ሕይወታቸው ምንም ያልተጠየቁ ሁለት ወጣቶች ሆኑ። ሰብለ ወንጌል በበዛብህ የወደደችው አንዱ ነገር ይኸው ይመስለኛል። ፊደል ሊያስተምራት የመጣው ሰው ጥያቄ የሚጠይቃት የመጀመሪያው ሰው ነበር።

እብድ የተባለው ዘመድ

በዚህ ሁሉ መካከል ወጣቶቹን የሚሰማ አንድ ትልቅ ሰው አለ። እሱም ጉዱ ካሣ ነው። ስሙ ካሣ ዳምጤ ነው፤ «ጉዱ» ያሉት እንደ እነሱ ስለማያስብ ነው። የቤቱ ዘመድ ነው፤ የተማረ ነው፤ የዘመኑን ልማድ ይተቻል፤ ስለዚህ እብድ ተባለ።

ተቺዎች ጉዱ ካሣን የደራሲው አፍ አድርገው ያነቡታል። አዲስ ሐሳብ በሱ በኩል ይነገራል። እኔ ግን ንግግሩን ትቼ ጆሮውን ማየት እወዳለሁ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ምሥጢራቸውን ይዘው የሚሄዱት ወደ እሱ ነው። አይደነግጥም፤ አይሰብክባቸውም፤ ለፊታውራሪ አያሳብቅም። ሲቸግራቸው አብሮ ይጨነቃል፤ ሲጠፉ ይፈልጋቸዋል። በመጨረሻም ሦስቱ በአንድ መቃብር ያርፋሉ። ደራሲው ከሁለቱ ፍቅረኞች አጠገብ አባትን ወይም እናትን ሳይሆን ያንን ዘመድ ማስቀመጣቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። እስከ መቃብር የዘለቀው ፍቅር የወንድና የሴት ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ አንድ ትልቅ ሰው ለሁለት ወጣቶች ያለው ፍቅርም ነበር።

እዚህ ላይ ኤሊን መልሰን እናስታውሰው። ኤሊ የራሱን ልጆች ማረም ያልቻለ አባት ነው። ለሳሙኤል ግን ትክክለኛውን ነገር አደረገ። ይህ ለብዙ ወላጆች መጽናኛ ሊሆን ይገባል። በገዛ ቤቱ የተሳሳተ ሰው ለሌላ ቤት ልጅ መልካም ጆሮ ሊሆን ይችላል፤ የሌላ ቤት ሰውም ለኛ ልጅ እንዲሁ። ልጅ ለእናቱ የማይነግረውን ለአጎቱ፣ ለሰንበት ትምህርት አስተማሪው፣ ለመዘምራን መሪው ቢነግር እናት ልትቀና አይገባም። የሚያስፈራው ለማንም ያልነገረው ልጅ ነው።

የጎረቤት መጽሐፍ

በጅጅጋ የምናድግ ወጣቶች ከአዲስ አበባ እኩዮቻችን የምንለይበት አንድ በረከት አለን፤ ከጎረቤታችን ሌላ ሥነ ጽሑፍ እንሰማለን። በሶማሊኛ ከታተሙት ልብ ወለዶች የመጀመሪያው የሚባለው የፋራህ መሐመድ ጃማ አውል መጽሐፍ በ1974 እ.ኤ.አ. ሞቃዲሾ ላይ ወጣ። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ ከጀመረ ሁለት ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር። የርዕሱ ትርጉም «አለማወቅ የፍቅር ጠላት ነው» የሚል ነው። ታሪኩ በሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ደርዊሾች ዘመን የሚካሄድ ነው፤ እነዚያው ደርዊሾች በ1892 ዓ.ም. ጅጅጋ የነበረውን የኢትዮጵያ ጦር ሰፈር ያጠቁት ናቸው።

በዚያ መጽሐፍ አውራላ የምትባል ልጃገረድ አሊማህ ለሚባል ደርዊሽ የፍቅር ደብዳቤ ትጽፋለች። እሱ ግን ማንበብ አይችልም። ደብዳቤው ደረሰ፤ ቃሉ አልደረሰም። አውራላ ከፈቃዷ ውጭ ለሌላ ተዳረች፤ መጨረሻዋም ሞት ሆነ። ርዕሱ የሚናገረው አለማወቅ በቀጥታ ፊደል አለመቁጠር ነው። መጽሐፉን ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አጠገብ ስናስቀምጠው ግን ትርጉሙ ይሰፋል። በጎጃሙ ታሪክ ውስጥ ፊደል የሚያውቅ ሞልቷል፤ በዛብህ ባለ ቅኔ ነው። ማንበብ ያልተቻለው ልጆቹን ነው።

አንዱ መጽሐፍ ከደጋ፣ ሌላው ከባሕር ዳርቻና ከበረሃ፤ አንዱ ከክርስቲያን ቤት፣ ሌላው ከሙስሊም ቤት የመጡ ናቸው። ሁለተኛው ከታተመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሁለቱ አገሮች ሠራዊት እዚሁ ካራማራ ላይ ተዋጋ። ሁለቱ ደራሲዎች ግን በአንድ ጉዳይ ተስማምተዋል፦ ሴት ልጅ ሳትጠየቅ ስትዳር፣ ወጣት ሳይሰማ ሲታዘዝ ቤት ይፈርሳል። ጎረቤታችን የሆነ የሶማሌ ወጣት ስለ አባቱ ሲያወራ ስሙት፤ ታሪኩን ታውቁታላችሁ።

መጽሐፉ የማይሰጠን

«ፍቅር እስከ መቃብር» ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ ለወጣት አንባቢ ግን አንድ አደጋ አለው። ከቤት መውጫ አድርጎ የሚያሳየው ሽሽትን ነው፤ የሽሽቱ መጨረሻም መቃብር ነው። በዛብህ ሸሸ። ሰብለ ወንጌልም ቤቷን ጥላ ተከተለችው። ይህን በሚያምር አማርኛ ደጋግሞ ያነበበ ወጣት «እውነተኛ ፍቅር ማለት ይህ ነው፤ እውነተኛ ድፍረትም መጥፋት ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል።

በኛ አካባቢ ይህ ድምዳሜ በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። «ታህሪብ» የሚለውን ቃል ለመስማት የሶማሌ ልጅ መሆን አያስፈልግም። አንድ ጎረምሳ ማታ እራቱን በልቶ ይተኛል፤ ጧት አልጋው ባዶ ነው። ስልኩ ተዘግቷል። ከሳምንታት በኋላ ከማይታወቅ ቁጥር ይደወላል፤ ደላላው ገንዘብ ይጠይቃል። ቤት ይሸጣል፤ ወርቅ ይሸጣል። አንዳንዱ ልጅ ይመለሳል፤ አንዳንዱ በበረሃ ወይም በባሕር ይቀራል። ቤተሰቡ ከሁሉ በላይ የሚደጋግመው ጥያቄ «ለምን አልነገረንም?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ጧት ባዶ አልጋ ላይ ቆሞ ከመጠየቅ ማታ እራት ላይ መጠየቅ ይሻላል።

ስለዚህ መጽሐፉን ሳንወድቅበት ለማንበብ አንድ መንገድ ልጠቁም። ሞቶቹን መቁጠር ትተን የተዘጉትን በሮች እንቁጠር። ታሪኩ ወደ ጥፋት ከመዞሩ በፊት አንድ ሰው ከአንድ ሰው ጋር ቢነጋገር ኖሮ ሊለወጥ የሚችልበት ቦታ የት የት ነው? ወይዘሮ ጥሩ አይነት ልጃቸውን ምን ብለው ሊጠይቋት ይችሉ ነበር? የስለቱ ነገር ገና በጊዜው በግልጽ ቢወራ በዛብህ ምን ይል ነበር? እንዲህ ስናነብ ሐዘኑ ተስፋ ይወልዳል፤ ምክንያቱም በየገጹ ሌላ መንገድ እንደ ነበር እናያለንና። ሐዲስ እነዚያን በሮች በቅርብ አሳይተውናል፤ መክፈቱን ግን ለባለታሪኮቹ አልሰጡም።

ከመጽሐፉ ወደ ቤታችን

በ1904 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ስታንሊ ሆል ስለ ጉርምስና ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ ዕድሜውንም እንደ ማዕበል ገለጸው። ያ ሥዕል ለረጅም ዘመን የሰዎችን አእምሮ ያዘ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ወጣቶቹን ራሳቸውን ሲጠይቁ ግን አብዛኞቹ ከወላጆቻቸው ጋር ሳይቆራረጡ ይህን ዕድሜ እንደሚያልፉ ተገነዘቡ። ጭቅጭቅ አለ፤ ስሜት ይለዋወጣል፤ ነገሮችን አመዛዝኖ የሚወስነው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ መብሰሉን ይቀጥላል። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ያሉት አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ተረቱን ስንጠቅስ ጥሬውን ብቻ እናያለን እንጂ ብስሉም እዚያው ተረት ውስጥ አለ። ጎረምሳው በሦስት ቋንቋ ያወራል፤ ገበያ ላይ በሶማሊኛ ተከራክሮ ለእናቱ ዋጋ ያስቀንሳል፤ ለታናሽ እህቱ ሒሳብ ያስጠናል፤ ስልክ ሲበላሽ ያስተካክላል። ይህ ሁሉ «አደገልኝ» የሚያሰኝ ነው።

የስለቱን ጉዳይ ደግሞ ዘመኑ አክብዶታል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 896,520 ያህል ተማሪዎች ተፈትነው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህ 3.3 ከመቶ ገደማ ነው። በቀጣዩ ዓመትም ውጤቱ ከዚህ ብዙ አልራቀም። ከመቶ ልጆች ዘጠና ስድስቱ ወይም ዘጠና ሰባቱ ወደ ቤት የተመለሱት «ሐኪም ይሆንልኛል» ወዳለች እናት ነው። እነዚህ ልጆች ሰነፎች ናቸው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ያን ቀን ቤት ውስጥ የሚነገረው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ልጁ ቀጥሎ የሚሄድበትን መንገድ ሊወስን ይችላል። «አዋረድከኝ» የተባለ ልጅና «ና፣ መጀመሪያ ብላ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» የተባለ ልጅ አንድ ሌሊት አያድሩም።

ወላጆችን ብቻ ወቅሶ መዝጋት ግን ልክ አይሆንም፤ ሐዲስም ይህን አላስተማሩንም። ውድነሽን የወደድናት የቀበረቻቸውን ስላወቅን ነው። ወዳጄ፣ አንተስ እናትህ ማንን ቀብራ እንደምትፈራ ታውቃለህ? አንቺስ አባትሽ «ከመሸ አትውጪ» የሚሉት ምን አይተው እንደ ሆነ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? በዚህ ከተማ ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የሆነውን ያዩ ወላጆች አሉ። አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ቤትና ሱቅ ሲዘረፍ፣ ሰው ሲሞት አይተዋል። ልጆቻቸውን ይዘው በአጥር የዘለሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የተጠለሉ፣ የሶማሌ ጎረቤት ደብቆ ያተረፋቸውም አሉ። ያኔ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው ዛሬ ጎረምሳ ነው። የወላጁ «የት ነህ? ድረስ!» የሚል ስልክ ቁጥጥር ብቻ ይመስለዋል፤ ስልኩ የሚደወለው ግን ከዚያ ሐምሌ ነው። ይህን ማወቅ ቁጥጥሩን ሁሉ ትክክል አያደርገውም። ለመነጋገር ግን መነሻ ይሰጣል።

ሉቃስ በምዕራፍ ሁለት መጨረሻ የጻፈው ታሪክ ለሁላችንም ይበቃል። ኢየሱስ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ በኢየሩሳሌም ቀረ። ማርያምና ዮሴፍ በጭንቀት ሲፈልጉት ቆይተው በሦስተኛው ቀን አገኙት። እናቱ ጭንቀቷን ሳትደብቅ ጠየቀችው። እሱም ስለ ጥሪው ሳይደብቅ መለሰላት። ሉቃስ ቀጥሎ የጻፈው ያስደንቃል፤ ወላጆቹ መልሱ አልገባቸውም። ሆኖም ልጁ አብሯቸው ወደ ናዝሬት ወረደ፤ ይታዘዛቸውም ነበር። እናቱም ያልገባትን ነገር በልቧ ይዛ ቆየች። በአንድ ቤት ውስጥ ጥያቄ፣ ግልጽ መልስ፣ አለመግባባትና መታዘዝ አብረው መኖር ችለዋል። ሳንግባባም አብረን ወደ ቤት መሄድ እንችላለን ማለት ነው።

ስለዚህ ለዚህ ክረምት አንድ ነገር እንሞክር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብቻችሁን አታንብቡት። ማታ ማታ ጥቂት ገጽ ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ብዙዎቹ በሬዲዮ የሰሙት ትዝ ይላቸዋል፤ ድምፁንም ያነሡላችኋል። የስለቱ ክፍል ላይ ስትደርሱ መጽሐፉን አጥፋችሁ «እናንተ ስለ እኔ ምን ተስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ወላጆችም መልሱን ስትነግሯቸው በዚያው አትቁሙ፤ «አንተስ? አንቺስ?» በሉ። መልሱ ሐኪም ላይሆን ይችላል፤ ዘማሪም ላይሆን ይችላል። መልሱ ገና «አላውቅም» ሊሆን ይችላል። ሳሙኤልም በመጀመሪያ ድምፁን አላወቀውም፤ ኤሊም አልተቆጣውም፤ ሄዶ ተኝቶ እንዲያዳምጥ ነገረው።